ተራ የያዘው ምርኩዝ

ሰው ጤፉ ነበርኩ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴው ልንገራችሁ ብዬ ነው የጀመርኩበት። ድሮ አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኖሮ አንገት ለአንገት እንተናነቅ ነበር።

የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ደባርቅ ውስጥ አስፋልቱ ዳር አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ተከፈተ። ከዚያ በፊት በከተማችን ሞባይል የሚሸጠው ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተደርድሮ ነበር። ይኼኛው ግን ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፣ ውስጡ ባለ ቀለም መብራት አለው፣ በሩ ላይ ደግሞ የእኔን ደረት የሚያህል ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ባለቤቱ ጎንደር ስለሚኖር መደብሩ በእኔ እጅ ነበር። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ጎንደር ስድስት ወር ጥገና ተምሬ ነው የተመለስኩት። የከተማው ወጣቶች ግን "ኢንጂነር" ይሉኝ ነበር። አንድ ቀንም "አይደለሁም" ብያቸው አላውቅም።

ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይጋፋል። የሚገዛው ጥቂት ነው። ሌላው አዲስ ዘፈን ሊያስጭን፣ አዲስ የገባ ስልክ ነካክቶ ሊመልስ፣ ወይም እዚያ ቆሞ ሊታይ ብቻ ይመጣል። ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን ተክለው የሚውሉ ነበሩ፤ የነሱ አለቃ ቢኒ የሚባል አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። እሱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ስለሆነ የገጠሩ ሰው ይጨመራል። ያን ጊዜ ኔትወርክ ያልደረሰበት ቀበሌ ሁሉ ሞባይል ደርሶ ነበር፤ ሰው ለሬዲዮው፣ ለመብራቱ፣ ለድምፅ መቅጃው ይገዛዋል። ሲበላሽ ተራራውን ወርዶ ወደ እኔ ያመጣዋል።

ለእነሱ የነበረኝ መልስ አንድ ነበር፤ "ነገ ይመለሱ።" ሁለት ቀን የሚመጣበትን መንገድ መጥቶ ነገ የሚመለሰው ከየት እንደሆነ አስቤ አላውቅም። የከተማውን ልጅ ስልክ ግን ቆሞ እየጠበቀ እሠራለታለሁ። ስልኩን ፍላሽ ከማድረጌ በፊትም፣ ማለትም እንደ አዲስ ከማሰናዳቴ በፊት፣ "ውስጡ የምትፈልገው ነገር አለ?" እለዋለሁ፤ ፍላሽ ሲደረግ ውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና። ዘፈኑን፣ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ እመልስለታለሁ። ይህን ጥያቄ አንድም የገጠር ሰው ጠይቄ አላውቅም። ምን ይኖራቸዋል ብዬ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከበሩ ስር፣ መሬት ላይ፣ አራት በትር ተጋድሞ አየሁ። ጎን ለጎን፣ በሥርዓት። ባለቤቶቻቸው ከግፊያው ሸሽተው ውጭ ግንቡ ጥግ ተቀምጠዋል። ነገሩ ገባኝ፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ነው ተራ የሚይዘው። ሰውየው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ጆንያው በቦታው ይቆይለታል፣ ማንም አይነካውም። እነዚህም በትራቸውን ተራ አስይዘው መሄዳቸው ነው። ሁለተኛዋ ጫፏ በቆዳ የተጠቀለለ ቀጭን የሴት ምርኩዝ ነበረች።

"ምን ጉድ ነው ይኼ? ወፍጮ ቤት መሰላችሁ እንዴ?" አልኩና አራቱንም በእግሬ ገፍቼ ወደ ጥግ ሰበሰብኳቸው። ቢኒ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ።

ወዲያው አንዲት ጥቁር የለበሱ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሴት ከግንቡ ስር ተነሥተው ገቡ። ምርኩዟን ከክምሩ መዘው አወጡና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። አልተቆጡም። ስማቸው እማማ እንጉዳይ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

"እንደምን አደርህ ልጄ?"

"እሺ፣ ምን ነበር?"

ከመቀነታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ ፈቱ። ባለ ትልልቅ ቁልፍ የቻይና ስልክ ነው። "ከበየዳ ነው የመጣሁ። ይኸ ስልክ በርቶ ይጠፋል። ውስጡ ግን፣ ልንገርህ ልጄ፣ ውስጡ..."

"በርቶ ይጠፋል። ገባኝ። ስም?"

"የማን? የእኔ ነው የልጄ?"

"የፈለጉትን ይበሉ።"

"እንግዲያስ ጌትነት በለው።"

ፕላስተር ቆርጬ "ጌትነት" ብዬ ጻፍኩና ከስልኩ ጀርባ ለጠፍኩት፤ ካርቶኑ ውስጥ ወረወርኩት። "ነገ ይመለሱ።"

"ነገማ መንገድ ላይ ነኝ። ሰኞ አርባው ነው።"

አርባው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ከሞተ አርባ ቀን መሆኑን የማያውቅ አበሻ የለም። ግን ጆሮዬ ሰማ እንጂ እኔ አልሰማሁም። ፊቴን ወደ ቢኒ አዞርኩ፤ አዲስ ዘፈን ይዞ መጥቶ ነበር።

እማማ እንጉዳይ ከቀትር በፊት ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ ቢያንስ ነገሩን ስማኝና..." ሲሉ መብራት ጠፋና ሁሉም ጮኸ፤ ጄኔሬተር ላስነሣ ወጣሁ። ስመለስ በሰው ተገፍተው ደጅ ደርሰዋል። ከቀትር በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። በዚህ ጊዜ ምንም ሳይሉ ምርኩዛቸውን ባንኮኒው ላይ፣ ከአዲሶቹ ስልኮች አጠገብ፣ አጋደሟትና ወጡ። ተራዬ ነው ማለታቸው ነው። ደሜ ፈላ።

"ኢንጂነር፣ ሠርተህ አሰናብታት በቃ፤ ምርኩዟ ሊሸጥ የመጣ ነው የሚመስለው" አለ ቢኒ።

እሳቸውን ለመገላገል ስልኩን ከካርቶኑ አወጣሁት። ከእኔ ቻርጀር ጋር ሳገናኘው በራ። ድምፁ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ መጀመሪያ ያገኘሁትን ፋይል ተጫንኩ። የደከመ፣ ትንፋሽ ያጠረው የወንድ ድምፅ ወጣ።

"እማዬ... እኔ ነኝ የጀመርሁት። እሱ..."

"የበየዳ ሬዲዮ ጀመረ!" አለ ቢኒ። መደብሩ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ስቄ ዘጋሁት፤ ድምፁ ይሠራል። እማማ እንጉዳይ ደጅ ናቸው፤ በሩ ላይ ያለው ዘፈን እየጮኸ ምንም ሊሰሙ አይችሉም። ስልኩ እንደገና ጠፋ። እንዲህ ያለ ብልሽት የሚስተካከለው በፍላሽ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት፣ ጀምር አልኩት፣ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩ አዲስ ሆኖ በራ።

ጠርቼ ሰጠኋቸው። የመብራቱን ብርሃን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ስልኩን ሳሙት። "አንተን የወለደች እናት ትባረክ! እኔማ በክፉ አይቼህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። በል አሁን ድምፁን አሰማኝ።"

"የቱን ድምፅ?"

"የጌትነትን። የልጄን።"

ክው አልኩ። እጄ ስልኩን እየነካካ ነው፤ የሚፈልገው እንደሌለ ግን አእምሮዬ ያውቃል። ባዶ። አንድ ፋይል የለም። "እማማ... ጠፍቷል" አልኩ።

ነገሩን የነገሩኝ ባንኮኒውን ይዘው ነው። ሳይጮኹ። ማን ዘፈኑን እንዳጠፋው አላውቅም፤ ብቻ ያ መደብር ከተከፈተ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብሎ አየሁት።

ልጃቸው ጌትነት ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ በዱላ ተመታ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ቆይቶ ሞተ። የመታው ልጅ እጁን ለፖሊስ ሰጥቷል። ጌትነት ግን ከመሞቱ በፊት እናቱና እኅቱ ብቻ ባሉበት፣ እኅቱን በስልኩ ቅጂኝ ብሎ ተናገረ፤ ጠቡን የጀመረው ራሱ እንደሆነ፣ ደሙን ማንም እንዳይመልስ። የእማማ እንጉዳይ ወንድም፣ አቶ ማሩ፣ አላመኑም። "የእናት አንጀት ነው፤ ለቀሩት ልጆቿ ፈርታ የፈጠረችው ነው" አሉ። እስከ አርባው እታገሣለሁ፣ ድምፁን አሰሙኝ፣ ካልሆነ ግን የገዳዩን ወንድም አላልፈውም ብለው ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ያ ወንድም በነገሩ የለበትም፤ ሁለት ልጆች ያሉት ገበሬ ነው።

"ስልኩ ድምፁን አንድ ጊዜ አሰማኝና ከዚያ መጥፋት ጀመረ። ለዚያ ነው የመጣሁ" አሉ። ቀጥለውም "ሦስት ጊዜ ልነግርህ ነበር። አልሰማኸኝም" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ትንሽ ሰምቻለሁ" አልኩ በጭንቀት። "ከማጥፋቴ በፊት ከፍቼው ነበር።"

አንጓዬን ያዙኝ። ጣታቸው እንደዚያ ይጠነክራል ብዬ አልጠበቅሁም። "ምን ሲል?"

"'እማዬ፣ እኔ ነኝ የጀመርሁት' ሲል።"

"እሰይ! ከዚያስ?"

"ከዚያ... ዘጋሁት።"

አንጓዬን አልለቀቁም። "ትመጣለህ" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ወደ ቢኒ ዞርኩ፤ እሱም እኮ ሰምቷል። "እኔ ምንም አልሰማሁም" አለና ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የዋሉት ሁሉ አንድ በአንድ ተከተሉት። እስከዚያ ቀን ጓደኞቼ ይመስሉኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጭነት በያዘ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው አናት ተቀምጠን ተነሣን። ቡይት ራስን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ እኔ ግን መቀመጥ ያቃተኝ በብርዱ አይደለም። አንዴ እቆማለሁ፣ አንዴ እቀመጣለሁ፣ አንዴ ጆንያውን ይዤ ወደ ኋላ ደባርቅን አያለሁ። ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ላይ መኪናው ሲቆም ቱሪስቶች ድንኳናቸው ደጅ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ባለ በቅሎዎቹ ጭነት ያስራሉ። ወርጄ በዚያው ልጥፋ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ማን ያገኘኛል? ግን የት እደርሳለሁ?

ሌላም ሐሳብ ይፈታተነኝ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ ብልስ? ልጁ ደሜን አትመልሱ ማለቱ እውነት ነው፤ እናቱ ነግረውኛል። እኔ አልሰማሁትም እንጂ ተብሏል። ያልሰማሁትን እውነት ብናገር ምን ኃጢአት አለው? ሰው ይተርፋል። መኪናው እንደገና ሲነሣ እማማ እንጉዳይን ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ ሙሉውን ሰምቻለሁ ብዬ ብምልስ?"

ነጠላቸውን ከብርዱ አፋቸው ላይ ሳቡ። "እኔ ማል አልልህም፤ አትማል አልልህም። በነፍስህ አዛዡ አንተ ነህ" አሉ። "ማሩ ግን ሞኝ አይደለም" ብለው ጨመሩ።

ሰኞ ከቅዳሴ በኋላ በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አጸድ ስር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንድ ቄስ መስቀል ይዘው መሃል ቆመዋል። የገዳዩ ዘመዶች ከቅጥሩ ማዶ ራቅ ብለው ተሰብስበዋል። አቶ ማሩ ብቻቸውን ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቁመተ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቄሱ ወደሳቸው ወሰዱኝና ደጁን አሳልመው አማሉኝ። ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልናገር፣ ሐሰት ብናገር መድኃኔዓለም እንዲፈርድብኝ።

"ማነህ?" አሉ አቶ ማሩ።

ኢንጂነር የሚለው ቃል ወዴት እንደገባ አላውቅም። "ሀብታሙ እባላለሁ። ደባርቅ ስልክ እጠግናለሁ።"

"የእኅቴን ልጅ ድምፅ ሰማሁ ያልኸው አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ምን አለ?"

"'እማዬ፣ እኔ ነኝ የጀመርሁት' አለ። 'እሱ' አለ። ከዚያ ዘጋሁት።"

"ደሜን አትመልሱ ሲልስ ሰምተሃል?"

ከቅጥሩ ማዶ የቆሙት ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ። ከመካከላቸው የገዳዩ ወንድም የትኛው እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ግን አወቅሁት፤ አንዲት ሴት ክንዱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። እማማ እንጉዳይ መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ቃል ነው። "አዎ" ብል ያልቃል።

"አልሰማሁም" አልኩ።

ማጉረምረም ተነሣ። ከቅጥሩ ማዶ የሴት ለቅሶ ተሰማ። ምን አደረግሁ አልኩ። አቶ ማሩ ግን አልተንቀሳቀሱም።

"ለምን ዘጋኸው?"

መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር። ስለዚህ እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

"ድምፁ መሥራቱን ለማወቅ ብቻ ነበር የከፈትኩት። ዘፈን እየተጫወተ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እኅትዎ ሦስት ጊዜ ሊነግሩኝ መጥተው አላስጨረስኳቸውም። ተራ ያስያዙትን ምርኩዝ በእግሬ ገፋሁት። የከተማ ሰው ቢሆኑ ውስጡ ምን አለ ብዬ እጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውን ግን አልጠየቅሁም። ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"በሟች ድምፅ ሳቅህ?"

"ሳቅሁ።"

አቶ ማሩ ጠመንጃቸውን ይዘው ተነሡ። በቃ፣ ደሙ በእኔ ሊመለስ ነው አልኩ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ይኸ ሰውዬ ሊዋሽ መጥቶ ቢሆን ኑሮ ሙሉውን ያወራልን ነበር" አሉ። "ለሰው ብሎ ራሱን እንዲህ የሚያዋርድ ሐሰተኛ ምስክር አላየሁም።" ከዚያ ወደ እኅታቸው ዞሩ። "እንጉዳይ፣ ይኸ የዘጋውን፣ የቀረውን፣ አንች ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ ወንድሜ።"

"እንግዲያስ እኔም ሰማሁ።"

ጠመንጃውን ቄሱ እግር ስር አስቀመጡትና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። የዚያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ እንጉዳይ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

"ቂም የለኝም ልጄ። አንድ ሰው ተርፏል፣ ወንድሜም ከደም ተርፏል። ግን ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት" አሉ። "ሳልጠግበው ነው።"

ይህችን ቃል እስከ ደባርቅ ድረስ ይዣት መጣሁ። እስከ ዛሬም ይዣታለሁ።

መደብሩን ብዙም ሳልቆይ ለቀቅሁ። አሁን ወደ መናኸሪያው መውረጃ የራሴ ጠባብ ሱቅ አለኝ፤ መስታወት የለውም፣ ድምፅ ማጉያም የለውም። ከበሩ ጎን ረጅም እንጨት አግድሜ ቸንክሬያለሁ፤ የገጠሩ ሰው በትሩን እዚያ ላይ በተራ ይደግፋል፣ ሄዶ ገበያውን ይገበያያል፣ ተራው ሲደርስ እጠራዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የከተማው ወጣቶች ሳቁብኝ። ከጊዜ በኋላ እነሱም ጃንጥላና ቦርሳ ማስደገፍ ጀመሩ። ጠባዬ ተለውጧል አልላችሁም፤ ዛሬም ቶሎ እናደዳለሁ፣ የሚነዘንዝ ሰው አልወድም። ግን የማንንም ስልክ ከመክፈቴ በፊት "ውስጡ ምን አለ?" እላለሁ፤ እስኪጨርስም አላቋርጠውም። እናንተም ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ የምትቆሙ ከሆነ፣ በባንክም ይሁን በጤና ጣቢያ፣ ነገ ይመለሱ ከማለታችሁ በፊት ይቺን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ነግሬያችሁ ፍረዱኝ። እማማ እንጉዳይ በየዓመቱ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ይመጣሉ። ያቺን ጫፏ በቆዳ የተጠቀለለች ምርኩዝ ከሌሎቹ ኋላ ያስደግፋሉ። ይግቡ ብላቸው እምቢ ይላሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ብቻ ነው የሚገቡት። ከመቀነታቸው ያንኑ ስልክ ይፈታሉ፤ እኔ የጻፍኩበት ፕላስተር እስካሁን ከጀርባው አለ፣ ፊደሉ ደብዝዟል እንጂ።

"አዲስ መሣሪያ መጣ ልጄ? የጠፋውን የሚመልስ?"

መሣሪያ የለም። ቢኖርም ያን ድምፅ አይመልሰውም፤ ይህን በሥራዬ አውቃለሁ። በመድኃኔዓለም ደጅ መዋሸት ያቃተኝ ሰውዬ ግን በገዛ ሱቄ በየዓመቱ አንድ ጊዜ እዋሻለሁ። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ የሚቻል ይመስል፣ ረጅም ጊዜ እፈልጋለሁ።

"ገና ነው እማማ" እላቸዋለሁ።

እሳቸውም ስልኩን በጨርቁ መልሰው ይጠቀልሉታል፣ ምርኩዛቸውን ያነሣሉ፣ "እንግዲያስ ለከርሞ" ይላሉ።